የለተመድህን ካርድ

ለተመድህን ሰባት ሰዓት ላይ የፔኒሲሊን መርፌ ተወጋች፤ ሆስፒታል ሳትደርስ ባጃጅ ውስጥ ሞተች። ኢንስፔክተር ዘቢብ መርፌው ከተሰጠበት፣ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ካለው ክሊኒክ ስትደርስ ግን ጥፋተኛው ተገኝቷል፤ የኮምፒውተር ሠራተኛው በድሩ በካቴና ታስሯል። እንዲህ ያለ ችኮላ ዘቢብን ያንጨረጭራታል።

«ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን የበሽተኞች ካርዶች በባዶ ቅጽ ቀየራቸው» አለ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ሃይለማርያም። «‹ፔኒሲሊን አይስማማትም› የሚለው አብሮ ጠፋ። እኔ መርፌውን እንዳላዝ በምን ልወቅ?»

«ወላሂ፣ ያጠፋሁት የለም!» አለ በድሩ። «ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ኮምፒውተሩ በየፎልደሩ እየገባ መጀመሪያ አሮጌውን ካርድ ይገለብጣል፣ ከዚያ አዲሱን ይተካል።»

«የእሷ ቅጂ የታለ ታዲያ?» አለችው ዘቢብ።

ኮምፒውተሩ ላይ ተፈለገ። ቅጂው አልነበረም።

መርፌውን የወጋው ነርስ ሔሩይ ለተጠየቀው ሁሉ መልሱ «አላስታውስም» ነበር። መብራቱም ሁለቴ ጠፋ። ዘቢብ ተበሳጭታ ራሷ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ክሊኒኩ ሚስትንና ልጆችን በአባወራው ፎልደር ውስጥ፣ በየራሳቸው ንዑስ ፎልደር ነበር የሚያስቀምጠው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስትከፍት ስትዘጋ ቆየችና ሁሉንም ጠራቻቸው። የሟቿ ባል አቶ ኣፅብሃም መጣ።

«በድሩ፣ ትእዛዝህ ከአባወራው አልፎ ወደ ውስጠኞቹ ፎልደሮች ይወርዳል?»

በድሩ ደነገጠ። «አይወርድም... እሱን ረስቼዋለሁ!»

«እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። የአቶ ኣፅብሃ ካርድ ተቀይሯል፤ ቅጂም አለው። የልጃቸው ግን አሮጌው ነው። የሌሎቹም ቤተሰቦች እንደዚያው። ከውስጠኞቹ የተቀየረው የለተመድህን ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ እዚያ አልደረሰም፤ ሰው በእጁ ነው የተካው። ቅጂ የጠፋውም ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ እንደመዘገበው የተተካውም ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ከሞተች በኋላ።»

«ስምንት ሰዓት እኔና በድሩ እሷን ይዘን ሆስፒታል ነበርን» አለ ሔሩይ። «ቤተሰቧ ጋ ልደውል ብለው እዚህ የቀሩት ዶክተር ናቸው።»

ዘቢብ የበድሩን ካቴና አስፈታች።

ኣፅብሃ ቀስ ብሎ ተነሣ። «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ መርፌው ሲታዘዝ ‹አይስማማትም› የሚለው ጽሑፍ እዚያው ነበር ማለት ነው?»

«ነበር።»

ወደ ዶክተሩ ዞረ። «ለምን አላዩትም ታዲያ?»

«ሰው በዝቶብኝ ነበር» አለ ዶክተሩ።