ማንም የማይነካው ግማሽ

የመሬት መንቀጥቀጥ ምርምር ተቋሙ ዳይሬክተር የፖሊስ መርማሪውን የሰደበው ከአራት ዓመት በፊት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። አሥራ አንድ ሰው ሰምቷል፤ ሦስቱ ስቀዋል። ስለ ጠፋ የመለኪያ መሣሪያ ሲጠይቅ ዳይሬክተሩ መነጽሩን አውልቆ፣ «አንተ ስምንተኛ ክፍል የጨረስክ ሰው፣ ስለ መሬት ምን ገብቶህ ነው የምትመረምረን?» አለው። መሣሪያው በማግስቱ ከራሱ ከዳይሬክተሩ መኪና ውስጥ ሲገኝ ይቅርታ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ስድቡ ግን ስም ሆኖ ቀረ፤ ጣቢያ ውስጥ ሳይቀር «ስምንተኛ» ይሉት ጀመር። ወጊ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ስልክ ተደውሎ «ተቋሙ ውስጥ ሰው ሞቷል» ሲባል፣ ከችኮላው የተነሳ የኮቱን ቁልፍ አዛንፎ ቆለፈ። «እሱ ይሁን» አለ በሆዱ። ሟቹ ይሁን ማለቱ አልነበረም። ገዳዩ ይሁን ማለቱ ነው።

ሬሳው የተኛው ብርዱ አጥንት በሚሰብር መጋዘን ወለል ላይ ነው። ሟቹ የተቋሙ ዋና ተመራማሪ፣ ስልሳ ዓመት የደፈኑ ሰው ናቸው። ከተፈነከተው ጭንቅላታቸው አጠገብ ጭቃ የሞላበት፣ ክንድ ተኩል የሚረዝም፣ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ወድቋል። ከላያቸው የመደርደሪያው ድጋፍ ተነቅሎ ሌሎች ሁለት ቱቦዎች ተፈጥፍጠዋል፤ ክዳናቸው ወዲያ፣ ጭቃቸው ወዲህ።

ዳይሬክተሩ ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ይጠብቀው ነበር።

«አደጋ ነው። መደርደሪያውን በብሎን ማጥበቅ የመጋዘን ሠራተኛው ሥራ ነበር። ቸልተኝነቱን ጽፌ ጨርሻለሁ። ፈርምና ሰውየውን ውሰደው።»

«ሬሳው ሳይነሳ ጽፈው ጨረሱ?»

«እኛ ዘንድ ሥራ አይጓተትም።»

«አያለሁ።»

የመጋዘን ሠራተኛው፣ ሁሉም «በረዶ» የሚሉት ቀጭን ሰው፣ ግድግዳ ተደግፎ ይንቀጠቀጣል። ብርዱንስ ለአሥራ ሁለት ዓመት ለምዶታል፤ ያንቀጠቀጠው ወረቀቱ ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደል ሰባት ዓመት ያሳስራል።

«ጌታዬ፣ ብሎኑን ቅዳሜ በገዛ እጄ ነው ያጠበቅሁት። አራት ልጆች አሉኝ። በእንዲህ ያለ ነገር ቀልጄ አላውቅም።»

«የመጋዘኑ ቁልፍ ስንት ሰው ጋ ነው?»

«አራት። እኔ፣ ዳይሬክተሩ፣ ምክትል ተመራማሪዋ፣ እና…» አለና ወደ ወለሉ አየ።

«እነዚህ የፈረጡት ሁለቱ ቱቦዎችስ?»

«እነሱስ ግድ የለም። ተጠንተው ያለቁ ናቸው፣ በዚህ ሳምንት ሊጣሉ ነበር።»

ስምንተኛ ተንበረከከ። የሟቹ ጥፍሮች ግራጫ አሸዋ ይዘዋል። ከጎናቸው ሥር ትንሽ ቢላዋ አለች። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ለሁለት ከተሰነጠቀ ቱቦ አንዱ ግማሽ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ፕላስቲኩን ገለጥ ሲያደርገው፣ ጭቃው መሐል ላይ የጣት ስፋት ያህል በቢላዋ ተፍቋል።

በረዶ አንገቱን አስግጎ አየና አፉን ያዘ። «ኧረ በሕግ! ይሄ እኮ የማኅደሩ ግማሽ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ቱቦው ለሁለት ይሰነጠቃል። አንዱ ግማሽ ለሥራ ነው፤ ይቆረጣል፣ ይፈጫል። ሌላው ለማኅደር ይቀመጣል፣ ማንም አይነካውም። አንዴ ባስነጥስበት እሳቸው ራሳቸው ሦስት ቀን አኩርፈውኛል።»

ምክትል ተመራማሪዋ ቢሮ ሲገባ ሴትየዋ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ይቀመጡ፣ ወንድሜ። በርዶዎታል» ብላ ሻይ ቀዳችለት። በዚያ ሕንጻ ውስጥ «ይቀመጡ» ያለው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ልቡ ራራ፤ ሲራራ ደግሞ ራሱን ጠረጠረ።

«ይህ ጭቃ ለምን ይጠቅማል?»

«እዚህ ዳርቻ የባሕሩ ወለል ከየብሱ ሥር እየገባ ነው። በዓመት ጥፍር የሚያድገውን ያህል። ግን በሰላም አይንሸራተትም፤ ይነክሳል። መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ዓመት ነክሶ ይቆይና አንድ ቀን ይለቃል። ታላቁ መንቀጥቀጥ ያ ነው። ከኋላው ባሕሩ ይከተላል።»

«ጭቃውስ?»

«ሲናወጥ ባሕር ውስጥ ያለው ተዳፋት ይናድና ጥልቁ ላይ አሸዋ ያነጥፋል። ሻካራው ከታች፣ ልሙ ከላይ። ቱቦ አስገብተን የምናወጣው ያንን ጭቃ ነው። አንድ የአሸዋ መስመር አንድ መንቀጥቀጥ ነው። በየሦስት መቶ ዓመቱ አንድ መስመር እናገኛለን። የመጨረሻው ከሆነ ሦስት መቶ አሥር ዓመት አልፎታል።»

«ጊዜው ደርሷላ።»

«አንዷን መስመር ከተቀበልን። ሟቹ ግን ‹ማዕበል ያመጣት ናት፣ አትቆጠርም› ይሉ ነበር። እሷ ካልተቆጠረች መሬቱ አንድ ጊዜ ስድስት መቶ ዓመት ተኝቷል ማለት ነው፤ አሁንም ይተኛል ይባላል። ነገ ለከተማው ምክር ቤት ሊናገሩት ነበር። ዳርቻው ላይ ለስልሳ ሺህ ሰው ሰፈር ሊሠራ ነው።»

«እርስዎ መጋዘኑ መቼ ገቡ?»

«ከአርብ ወዲህ አልገባሁም።»

ዳይሬክተሩን መጨረሻ ላይ ጠየቀው። እንደ ጥሩ ምግብ አቆይቶት ነበር። «ሰፈሩ እንዲሠራ ይፈልጋሉ?»

«በእርግጥ! ቦታውን ለከተማው ያሳየሁት እኔ ነኝ። ሟቹም ነገ ይደግፉኝ ነበር። የሳቸው መሞት የጎዳው እኔን ነው።»

ስምንተኛ ኮሪደር ላይ ቆሞ ይህን አገላብጦ አየው። የሚያስርበት ቀዳዳ ፈለገ፣ አጣ። የሚደግፈውን ሰው የሚገድል የለም። አራት ዓመት የተመኘው ሰው ንጹሕ ሆነበት፤ ይህ ከስድቡ ይልቅ አመመው።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበ። ሬሳው ተነስቷል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሙሉ ቱቦ ተጋድሟል፤ ዙሪያውን ወንበሮች።

«ፍጠን፣ ሥራ አለኝ» አለ ዳይሬክተሩ።

«ይህ አደጋ አይደለም» ብሎ ጀመረ ስምንተኛ። «ወድቀው የፈረጡት ሁለቱ ክዳናቸው ተስፈንጥሯል። ሰውየውን የገደለው ቱቦ ግን በሁለቱም ጫፍ ክዳኑ ግጥም ብሏል። ክዳኑን የሚያስረው ፕላስተር ደግሞ ከሁለቱም ጫፍ ተገንጥሏል። ሰማያዊውን ክዳን ሳነሳው ከሥሩ ደም አገኘሁ። በተከደነ ነገር ሥር ደም አይገባም። መጀመሪያ ደሙ ነው፣ ክዳኑ ቀጥሎ።»

ዳይሬክተሩ ሳቀ። «ሰው ገድሎ ክዳን የሚገጥም ማን ነው?»

«አባቴ ግንበኛ ነበር። የሠራው ግድግዳ በወንድሙ ላይ የተናደ ቀን፣ እያለቀሰ አካፋውን አጥቦ ነው ወደ ቤቱ የሄደው። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል። ጭቃው እንዳይደርቅ የሚሰቀቅ ሰው ነው የገጠመው። ያንኑ የተፋቀውን ግማሽም በፕላስቲክ የጠቀለለው እሱ ነው። አደጋ ለማስመሰል የጣለውም የሚጣሉትን ሁለቱን መርጦ ነው።»

«ታዲያ ጭቃ የሚወደው በረዶ ነዋ!»

«ሰማያዊ ክዳን የላይኛው ጫፍ ነው፤ ነጭ የታችኛው። ላይና ታቹን የሚያሳየው ባለ ቀስት ወረቀት ከቱቦው ተልጦ ከመደርደሪያው ሥር ወድቋል። ክዳኖቹ ግን በትክክል ተገጥመዋል፤ የገጠማቸው አሸዋውን አይቶ ላይና ታቹን የሚለይ ሰው ነው። በረዶ፣ ያለ ቀስቱ ላይና ታቹን ትለያለህ?»

«እኔ? ለኔ ያለ ቀስት ጭቃ ጭቃ ነው፣ ጌታዬ።»

«እርስዎስ?»

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ የተማርኩት ሕግ ነው።»

«አይዞዎት፣ ሁሉም አይገባውም» አለ ስምንተኛ። ጣፈጠው፤ ግን ምላሱ ላይ አልቆየም።

«ጫፉ ሁለት ብቻ ነው! በግምትም ይገጥማል» ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ።

«ልክ ነዎት። በግምት ሰው አላስርም። ለዚህ ነው እዚህ ያለውን ቱቦ ወረቀቱን ልጬ፣ ክዳኖቹን ከጫፍ ጫፍ አቀያይሬ ያስቀመጥኩት።»

ሁሉም ዞረው አዩ። ሰማያዊው ክዳን ወደ ትክክለኛው ጫፍ ተመልሷል። ነጩ በምክትል ተመራማሪዋ እጅ ውስጥ ነበር፤ ልትገጥመው።

ሴትየዋ እጇን የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ አየችው።

«አላስተዋልኩትም» አለች በቀስታ።

«ትናንትም አላስተዋሉትም። ከአርብ ወዲህ አልገባሁም ብለውኝ ነበር። ከሥራ ሰዓት በኋላ ሲገቡ ሟቹን ማኅደሩን ሲፍቁ አገኟቸው።»

ሴትየዋ ነጩን ክዳን በቦታው ገጠመችና ተናገረች። «የሥራው ግማሽ ተፈጭቶ አልቋል። ያቺ መስመር የቀረችው እዚያ ብቻ ነበር። ‹አንዲት መስመር ናት፣ ልጄ› አሉኝ፣ እየፋቁ። ልመልሰው የወሰድኩት ቱቦ እጄ ላይ ነበር።»

«እኔስ ዶክተር?» አለ በረዶ። «ሰባት ዓመት እኮ ነው። ልጆቼን በስማቸው ያውቋቸዋል።»

«የደመወዝ ቅጣት ብቻ መስሎኝ…» አለች።

ስምንተኛ ወረቀቱን ከዳይሬክተሩ እጅ ወስዶ ለበረዶ ሰጠው። በረዶ አራት ቦታ ቀደደው።

«የተፋቀው ግማሽ የወንጀል ማስረጃ ነው» አለ ስምንተኛ ዳይሬክተሩን። «ከመስመሯ የተረፈ አለ፣ አይቻታለሁ። ጠፍታ ብትገኝ እርስዎን ነው የምጠይቅ። ነገ ምክር ቤቱም ስለ ምን ሰው እንደሞተ ከኔ ይሰማል።»

ዳይሬክተሩ መነጽሩን አውልቆ መወልወል ጀመረ።

ሁለት ፖሊሶች ሴትየዋን ይዘው ወደ በሩ ሲሄዱ እሷ ደፉ ላይ ቆመች።

«አንድ ነገር ይንገሩኝ፣ ወንድሜ። ሰው ገድያለሁ፣ ንጹሕ ሰውም ላሳስር ነበር፤ አልክድም። ግን ስልሳ ሺህ ሰው የሚተኛበትን እውነት በቢላዋ ሲፍቁ ቢያዩ፣ እርስዎ ቆመው ያዩ ነበር?»

ስምንተኛ አያት። በረዶም፣ ዳይሬክተሩም፣ ፖሊሶቹም መልሱን ጠበቁ። እሱ ግን ጠዋት አዛንፎ የቆለፈውን የኮቱን ቁልፍ ፈቶ በየቦታው ቆለፈ፣ ፊቱን አዞረ፣ ደረጃውን ወርዶ ሄደ።