ከዶሮ ቤት የወጣች ቬስፓ

ቬስፓዋ በሦስተኛው ርግጫ ተነሳች። ግቢው በጭስ ተሞላ። ጁወይሪያ ሳሉም ሳቁም እኩል እያፈኗት መሪውን ጨብጣ ቆመች።

«አጥፊያት!» አለ በበሩ የገባ ሰው። የጋሽ ወንድይፍራው ልጅ ናሁሰናይ ነበር።

ጋሽ ወንድይፍራው የእነ ጁወይሪያ ጎረቤት ናቸው። በወጣትነታቸው የነዷት ቬስፓ ዶሮ ቤታቸው ውስጥ ስትዝግ ኖራ፣ መስከረም ላይ ጁወይሪያን «ካስነሳሻት ያንቺ ናት» አሏት። የዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ ቃላቸውን እንደ ቀልድ አላየችውም። በየቀኑ ከትምህርት መልስ ዝገቱን ፋቀች። የጥንቱ ዕቃ ስለማይገኝ፣ በድሮው ልክ አሁን የሚሠራውን፣ ከካርቡሬተር እስከ ጎማ፣ ከመርካቶ እያስመጣች ገጠመች። እናቷን «የዒድ ቀሚስ ይቅርብኝ፣ ፒስተን ግዢልኝ» ብላ ጉድ አሰኝታለች።

ናሁሰናይ ቬስፓዋን ዞሮ አያትና በርጩማ ላይ የተቀመጡትን አባቱን ተመለከተ። «አባባ፣ የአሮጌ ቬስፓ ማኅበር ገብቻለሁ፤ ልወስዳት ነው። ካርቡሬተሩ ኮፒ፣ መብራቱ ኮፒ… ችግር የለም፣ ቀስ እያልኩ ኦርጅናል አስገባላታለሁ።» ወደ ጁወይሪያ ዞረ። «ሚጣ፣ ለድካምሽ የሆነ ነገር እናስብልሻለን።»

«ጋሼ፣ ካስነሳሻት ያንቺ ናት ብለውኝ የለም?»

ጋሽ ወንድይፍራው መሬት መሬት አዩ። «ብያለሁ። እሱ ደግሞ ልጄ ነው…»

«ሊብሬው በአባቴ ስም ነው» አለ ናሁሰናይ። «በጨዋታ ንብረት አይተላለፍም።»

እንባዋ መጣ። ወደ ቤት ሮጣ ትራስ ውስጥ ብትቀበር ደስ ባላት። ግን ሄዳ ያመጣችው የመፍቻ ሳጥኗን ነው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሊብሬው ላይ ያለውን ይውሰዱ» አለች ሳጥኑን እየከፈተች። «ካንዴላው ሊብሬው ላይ የለም። ካርቡሬተሩም።»

ሞተሩን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ገና ትኩስ ነበር፤ በሻርፗ ጫፍ ብትይዘውም ጣቷን ለበለባት። አልለቀቀችውም።

«አባባ፣ ያስቁሟት እንጂ!»

ጋሽ ወንድይፍራው ከበርጩማቸው ተነሱ። መፍቻውን ሊነጥቋት መስሏት አጥብቃ ያዘችው። እሳቸው ግን ጉልበታቸው እየተንቋቋ አጠገቧ በርከክ አሉና ባርኔጣቸውን ገልብጠው ዘረጉላት።

«ብሎኖቹን እዚህ አድርጊ። ሣር ውስጥ ከገቡ አይገኙም።»

ናሁሰናይ ስልኩን አውጥቶ ቬስፓዋን ለሚጭነው ሾፌር ደወለና «ትንሽ ቆይ» አለው።

ካርቡሬተሩ ወጣ፤ መብራቱና የፍሬን ሽቦውም ተከተሉ።

«ጋሼ» አለች ጁወይሪያ ሳታያቸው፣ «ሌላ ቬስፓ የዛገበት ሰው ያውቃሉ?»

«ቀራንዮ አንድ ጓደኛ አለኝ። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን።» ከዚያ ዝቅ ብለው «ጎማዎቹስ የማን ናቸው?» አሏት።

ጁወይሪያ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና ትልቁን መፍቻ አነሳች።

«የኔ» አለች።