ዝም ያለው ቺንጋ

አስከሬኑ ከገደሉ ሥር ሳይነሣ የሟቹ ታናሽ ወንድም እጁን ሰጠ። ሥራው መካኒክነት ነው። «የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ፤ «የመኪናውን ቺንጋ ማወጠሪያ ብሎን ሆን ብዬ አላላሁት።» ከዚያ ወዲያ ቢጠይቁት ቢያስጠይቁት አንድ ቃል አልጨመረም።

እንዲህ ያለው ነገር ለፖሊስ የሰማይ ስጦታ ነው፤ መዝገቡ ሳይከፈት ይዘጋል። መርማሪዋ ግን ያለ ልፋት የመጣ ነገር አይዋጥላትም። ባልደረቦቿ «መርፌዋ» የሚሏት ቀጭን ስለሆነች ብቻ አልነበረም፤ የማትገባበት ቀዳዳ ስለሌለም ነው።

መኪናው ቁልቁለቱ ላይ ካለው መታጠፊያ ወጥቶ ነበር የተገለበጠው። መርማሪዋ ኮፈኑን አስከፍታ አጎነበሰች። የሞተሩን ጉልበት ለመሪውና ለዲናሞው የሚያደርሰው ቺንጋ ሳይበጠስ ከሚዞርበት መንኮራኩር፣ ከፑሊጃው፣ ወልቆ ተንጠልጥሏል። መሪውን የሚያቀልለው እሱ ነውና፣ ሲወልቅ መሪው በሟቹ እጅ ላይ ድንገት ድንጋይ ሆኖበታል። አሁን ብሎኑን አየችው። አቧራና ቅባት ተጋግሮበታል፤ መፍቻ ከነካው ቆይቷል። ጥብቅ ነው።

«ዋሽቷል» አለች ለራሷ።

ቺንጋውን በጣቷ ስትዳስሰው ሙልጭልጭ አለባት። አሸተተችው። የልብስ ሳሙና ነው።

እስረኛውን አስከትላ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። ሟቹ፣ ሚስቱ፣ ትንሽ ልጃቸው፣ ወንድሙና አባቱ አንድ ግቢ ውስጥ ነበር የሚኖሩት። ሚስትየው ዓይኗ አብጦ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«እህቴ፣ መኪናው ሰሞኑን ምን ሆኖ ነበር?»

«ይጮሃል። ጠዋት ሲያስነሣው ሰፈሩ ሁሉ ይነቃል። ልጄን ሳል ይዟት እንቅልፍ አጥታ ነው የሰነበተችው። ‹ወይ አሠራው ወይ እደጅ አሳድረው› ብዬ ተቆጣሁት። ‹ትንሽ ቀን ታገሺኝ፣ ወንድሜ ፑሊጃውን ሊቀይርልኝ ነው› አለኝ።»

«ትናንት ጠዋትስ?»

«አልሰማሁም። መሄዱን ያወቅኩት ከእንቅልፌ ስነሣ ነው።»

መርማሪዋ ወደ አባትየው ዞረች። ሽማግሌው የጡረታ ሹፌር ናቸው፤ በከባድ መኪና አገር ያዳረሱ።

«አባባ፣ እርስዎስ ስለዚህ መኪና ምን ያውቃሉ?»

«መኪና እንደ ሰው ነው የኔ ልጅ፤ ሲጮህ አመመኝ ማለቱ ነው። እኔ እንኳ ለልጅቱ ብዬ...»

«አባዬ፣ ውሃ ጠጣ» አለ እስረኛው ጣልቃ ገብቶ።

«ቆይ ልንገራት እንጂ! ያን ጠዋት ቀደም ብዬ...»

«አባዬን ተዉት፣ ደክሞታል! ጥፋቱ የኔ ነው አልኳችሁ እኮ!»

መርማሪዋ ይህን ልብ አለች። እጁ የታሰረ ሰው ስለ ራሱ አንዴ ተናግሮ ዝም ሲል፣ አባቱ እንዳይናገር ግን ሁለት ጊዜ ተርበተበተ። ግቢው ጥግ ወዳለው ጋራዡ ሄዳ የመሣሪያ ሣጥኑን በረበረች። ከታች፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የልብስ ሳሙና አገኘች። ፊቱ ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ቦዮች አሉ። በቺንጋው ውስጠኛ ፊት ያሉት ጥርሶች በትክክል ይገጥሟቸዋል።

እዚያው ቆማ ትንሽ አሰበች። መዝገቡን እንዳለ ብትዘጋው ያላጠፋ ሰው እስር ቤት ይበሰብሳል፤ ብትከፍተው ደግሞ ሽማግሌው ያልቃሉ። ሥራዋን የጠላችበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው። ግን ገባች፤ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ብሎኑ አልላላም» አለች። «መፍቻ አልነካውም። ስለዚህ የተናዘዝከው ውሸት ነው። ቺንጋው የወለቀው ሳሙና ስለተቀባ ነው። የሚጮኸው ፑሊጃው ተበልቶ ስለሚወላገድ ነበር፤ ሳሙናው ጩኸቱን አጠፋው እንጂ በሽታውን አላዳነውም። ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራትቶ ወጣ። መካኒክ ነህና መኪናውን እንዳየህ ገባህ። እጅህን ሳትሰጥ ሮጠህ ቤት መጥተህ ሳሙናውን ደበቅከው።»

«እኔ ነኝ የቀባሁት!»

«አንተማ ምን እንደሚያመጣ ታውቃለህ፤ ፑሊጃውንም ልትቀይርለት ቀጥረኸዋል። ሳሙና የሚቀባው፣ በድሮው ወፍራም ቺንጋ የለመደና ደግ የሠራ የመሰለው ሰው ነው።»

«እኔ ነኛ!» አሉ ሽማግሌው፣ ግራ ገብቷቸው። «ልነግርሽ ስል አላስጨርስ አለኝ እንጂ። እኛ በሹፌርነታችን ቺንጋ ሲጮህ ሳሙና ነበር መድኃኒቱ። እሱ ሳይነሣ ቀድሜ ወጥቼ አሸሁለት። ልጅቷ እንድትተኛ ብዬ እኮ...»

እዚያ ላይ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። የመርማሪዋን ፊት አዩ፤ ቀጥለው የልጃቸውን።

«በሳሙናው ነው?»

ልጃቸው አቀረቀረ።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አባዬ...» መካኒኩ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ወንድሜስ አንዴ ሄዷል። ‹በእጄ ነው የገደልኩት› እያልክ እንድትኖር አልፈለግኩም።»

«ታዲያ ሁለታችሁንም ልቀብር ነበር?»

መርማሪዋ ለፖሊሱ ምልክት ሰጠችው፤ ካቴናውን ፈታው። መካኒኩ አባቱ እግር ሥር ተደፋ። ሽማግሌው ራሱን እየዳበሱ ወደ ምራታቸው ለመዞር ሞከሩ፤ ቀና ብለው ሊያዩዋት ግን አቃታቸው።

«ልጅቷስ?» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «እሱ ሲወጣ... ነቅታ ነበር?»

ሚስትየው መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች።

«አልነቃችም አባባ። ሌላ ጊዜ በጩኸቱ ትባንንና መስኮት ላይ ወጥታ አባቷን ቻው ትለው ነበር። ትናንት ግን ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።»