የጻፈ አያነብም

የሕግ አርቃቂው ክፍል ሰብሳቢ አትሮንሱ ሥር በጎኑ ወድቋል። መነጽሩ ከአፍንጫው አልወረደም፤ ሲያነበው የነበረው ወረቀት ደረቱ ሥር ተጨማድዷል። አትሮንሱ ላይ ግማሹ የተጠጣ የውሃ ብርጭቆ ቆሟል። መርማሪዋ ከበላዩ ሆና ብዙ አየችው። ምንም አልተሰማትም። ባሏን ከቀበረች ወዲህ እንዲህ ነች። ባልደረቦቿ «በረዶዋ» ይሏታል፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። ውሸት ነው እንዳትል ደግሞ ውሸት አይደለም።

«መርዝ ነው» አላት ሐኪሙ። «መዝገብ ቤት ለአይጥ የሚያስቀምጡት ዓይነት። ፋታ አይሰጥም።»

መዝገብ ቤቱ አይቆለፍም፤ መርዙን የፈለገ ሁሉ ያገኘዋል። ሟቹ ሲወድቅ ግን ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ምክትሉ፣ ጸሐፊዋና በአማካሪነት የተቀጠሩት ጡረተኛ ዳኛ። አራቱም የሰነበቱት አንድ ረቂቅ ላይ ነው። ረቂቁ ሕገ መንግሥቱንና የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን ሕግ የሚያሻሽል ሲሆን፣ ጉድ ያፈላው አንድ አንቀጹ ነው። ልዩ ችሎት ያለ ይግባኝ የፈረደባቸው እስረኞች ይግባኝ እንዲሉ ይፈቅዳል። በማግስቱ ለምክር ቤቱ ሊቀርብ ነበር።

መርማሪዋ መጀመሪያ ጸሐፊዋን አስቀመጠች። የሴትየዋ ዓይን አልቅሶ አልቅሶ ደርቋል።

«ውሃውን ማን ቀዳው?»

«እኔ። ሁልጊዜም እኔ ነኝ።»

«ለሁሉም ነው የምትቀጂው?»

«ኧረ ለአንባቢው ብቻ። አንዴ ውሃ ፈሶ ረቂቅ ስላበላሸብን ሌላው ጠረጴዛ ላይ ውሃ አይቀመጥም። አንባቢ ግን ጉሮሮው ይደርቃል።»

«ከቀዳሽ በኋላስ?»

«ወረቀት ላባዛ ታች ወረድኩ። ስመለስ ዳኛው መጥተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ጋሼ ሰብሳቢውና ምክትሉ ከምክር ቤት በአንድ መኪና ነው የመጡት፤ ተያይዘው ገቡ።»

«አንባቢ ማን እንደሚሆን በምን ይታወቃል?»

«የጻፈ አያነብም። የቤቱ ደንብ ነው። የጻፈ ሰው ወረቀቱ ላይ ያለውን ትቶ ሆዱ ውስጥ ያለውን ያነባላ። አንቀጽ የሚጽፉት ጋሼና ምክትሉ ናቸው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያነባል። ዛሬ የቀረው ያ የይግባኙ አንቀጽ ብቻ ነበር።»

«ሰብሳቢው ሊያነብ ሲነሣ የተናገረ ሰው ነበር?»

ጸሐፊዋ መሐረቧን አጠፈች። «ዳኛው ብቻ። ‹አንተ ነህ እንዴ የምታነበው?› አሉት። ቀጥለውም ‹ውሃው የቆየ ነው፤ ይቀየር› አሉ፤ ስለ ውሃ ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም። ጋሼ ‹እንደ እናቴ ሆኑብኝ እኮ› ብሎ ሳቀና ጠጣው። ለሰው አሳቢ ናቸው፣ ዳኛው።»

ምክትሉ ሲገባ ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከትቶታል። ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነው።

«አንቀጹን ይቃወሙ ነበር አሉ» አለችው።

«በየስብሰባው።»

«ሟቹ ደግሞ ይሟገትለት ነበር።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እሱም አይለቅም ነበር።»

«አሁን ወንበሩ የእርስዎ ሆነ።»

«ከፈለግሽው ውሰጂው» አላትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዳኛው መጨረሻ ገቡ። ዓይናቸው በሞራ ተይዞ ወንበሩን በእጃቸው ዳብሰው ነው ያገኙት።

«ልጄ፣ ነገሬን ልንገርሽ» አሉ ሳትጠይቃቸው። «አንድ ልጅ አለኝ፤ ልዩ ችሎቱ ዕድሜ ልክ የፈረደበት። ይሄን እዚህ ቤት የማያውቅ የለም፤ ድምፅ የለኝም፣ ምክር ብቻ ነው የምሰጠው። ያ አንቀጽ ካለፈ ልጄ ዳኛ ፊት ይቆማል። ካላለፈ እዚያው ያረጃል። ሰብሳቢው ደግሞ ለአንቀጹ የሚሟገት ሰው ነበር። ታዲያ እኔ እሱን ልግደል?»

«ገድለዋል አልኩዎት እንዴ፣ አባት?»

ሳይጠሩት አቤት የሚል ሰው በመርማሪዋ ሥራ ብዙ ነው፤ ግማሹ ንጹሕ ነው። የተናገሩትም እውነት ነበር፤ ሟቹን ለመጥላት አንድም ምክንያት አልነበራቸውም። እሷን የከነከናት ይኸው ነው።

ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነሥቷል፤ አትሮንሱ ግን ባለበት ነው።

«ውሃው ከተቀዳ በኋላ ብርጭቆው አጠገብ የመሆን ዕድል የነበራችሁ ሁለት ናችሁ» አለች። «ጸሐፊዋና ዳኛው። ምክትሉ የገባው ከሟቹ ጋር ነው። ቆዩ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። የጻፈ አያነብም ካላችሁ፣ ዛሬ ሊያነብ የተነሣው ሰብሳቢው ነው። እንግዲያው አንቀጹን የጻፈው ማን ነው?»

ምክትሉ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ሲቃወሙት አልነበረም?»

«ተስማምተን ነው። እኔ ጻፍኩት፤ ከዚያ እኔው ልውጋው፣ አንተ ተከላከልለት አልኩት። ቀዳዳው የት እንዳለ ከጸሐፊው በላይ ማን ያውቃል? ምክር ቤት ገብቶ ከሚሸነፍ እዚህ ይፈተን አልን። ነገ ራሴ ቆሜ ልደግፈው ነበር።»

«ማን ያውቅ ነበር?»

«እሱ። የእጅ ጽሑፌን የተየበችው ጸሐፊዋም። ሌላ ሰው አያውቅም።»

መርማሪዋ ወደ ጸሐፊዋ ዞረች። «አንቺ ማን እንደሚያነብ ስለምታውቂ፣ ጋሼ ሲነሣ አልደነቀሽም። ምክትሉንም አልደነቀውም። የደነቀው አንድ ሰው ነው። ሰብሳቢው ስለሚሟገትለት የጻፈው እሱ ይመስለው ነበር። ስለዚህ የሚያነበውና ውሃውን የሚጠጣው ምክትሉ ነው ብሎ አሰበ፤ የአንቀጹ ጠላት። ወዳጁ ሊያነብ መነሣቱን ሲያውቅ ‹አንተ ነህ እንዴ የምታነበው?› አለ። ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ ውሃ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ውሃው ይቀየር አለ።»

ጸሐፊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዳኛው ፊታቸው አልተለወጠም።

«ለምን አልጮኹም፣ አባት? ብርጭቆውን መድፋት ይቻል ነበር።»

«ብደፋው ለምን ደፋኸው እባል ነበር» አሉ ዳኛው ቀስ ብለው። «ልጄ ታወሰኝ። እሱን ሳስብ ሰውየው ጠጣ።» ድምፃቸው ፍርድ እንደሚያነብ ሰው ነበር። ከዚያ ወደ ምክትሉ ዞሩ። «አንተ ነህ የጻፍከው?»

«የልጅዎን መዝገብ አንብቤ ነው የጻፍኩት» አለ ምክትሉ። «ምስክር ሳይሰማ ነው የተፈረደበት።»

«አንቀጹስ?»

«ከረቂቁ አስወጡት። አሁን ከበላይ ደውለው ነገሩኝ። ሰው የተገደለበትን አንቀጽ ምክር ቤት አናስገባም አሉ።»

ዳኛው እጃቸውን ዘረጉ። ካቴናው ሲገባ አንዲት ነገር ብቻ ለመኑ፤ ለልጃቸው ሌላ ሰው ሳይነግረው መርማሪዋ ራሷ እንድትነግረው።

እስር ቤቱ ስትሄድ የመጠየቂያ ቀን ነበር። ከሽቦው ወዲያ የቆመው ሰው ጎልማሳ ሆኗል፤ ጠጉሩ ሳስቷል፤ ሸሚዙን ግን ተኩሶ ለብሷል። እንግዳ ሰው ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«አንቀጹ ቀረ አይደል?» አላት፣ አፏን ሳትከፍት።

«ቀረ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ግድ የለም። እኔ ለራሴ ቆርጬ የተውኩት ነው። አባባን ደስ ይበለው ብዬ ነው የምጠብቅ የምመስለው። ዓይኑ ሳያይ ያን ሁሉ መንገድ እየተንገላታ ይመጣል። እባክሽ አፍሮ እንዳይቀር፣ ምንም አልከፋውም በይልኝ።»

መርማሪዋ ሽቦውን ያዘች። የመጣችበትን ልትናገር ስትል፣ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ እንባ ሞላ። እስረኛው እንባዋን አየ፤ ቀስ ብሎም የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ።

«ሞተ?» አላት።

«አልሞቱም» አለችው፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ለመናገር ወንበር ስባ ተቀመጠች።