ሳልልከው የሄደው ስም

ፈጥራ ነው የምትሉ፣ በሉ። እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ታይናን ከተማ፣ የሙታን በዓል ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጠራራ ፀሐይ።

የሰፈራችንን ቤተ መቅደስ ድረ ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ኮሌጅ አልረገጥኩም። የረገጡት አቅቷቸው ነው ወደ እኔ የመጡት።

ሰው ቅጹ ላይ ስም ይሞላል። በቀዩ ቦታ የሕያዋን፣ ለጤና። በቢጫው የሙታን። የቢጫው ስም መቅደሱ ውስጥ ወረቀት ላይ ታትሞ ይወጣና ይቃጠላል... ነፍሲቱ እንድትሸኝ።

ሽማግሌዎቹ "ላክ" የሚለውን ቁልፍ መጫን ይረሳሉ። ስለዚህ ገጹ የተጻፈውን ሁሉ ራሱ፣ ከጀርባ፣ ንቅንቅ ሳይል እንዲልክ አደረግኩት። ኮርቼበት ነበር።

ያን ቀን ልሞክረው ብዬ አፌ ላይ የመጣውን ስም ጻፍኩ። የታናሽ እህቴን። ሚንፋንግ።

በቢጫው።

ወዲያው አጠፋሁት።

ገጹ የተጻፈውን እንዲልክ አስተምሬዋለሁ። መጥፋቱን እንዲናገር ግን... አላስተማርኩትም።

ሚንፋንግ አጠገቤ ዘይቱን እየበላች ነበር።

"እቴ፣ ኮምፒውተሩን አግቢውና ገላግይን!"

"ቢያንስ እሱ ሲበላ አይለፈልፍም።"

ስልኬ ጮኸ። የመቅደሱ ጠባቂ፣ ጋሽ ሊያው።

"ዩንሻን ልጄ..." አሉኝ በሹክሹክታ። "ምነው ሳትነግሪን? መቼ አረፈች?"

"ማን?"

"ሚንፋንግ። ወረቀቷ ወጣ እኮ።"

"እንዳያቃጥሉት! ጋሼ፣ አለች! እዚሁ አጠገቤ ናት!"



"ልጄ... አቃጠልኩት እኮ።"

ዞሬ አየኋት። ታኝካለች። ድምፅ ግን የለውም።

ቬንቲሌተሩ ወደ እኛ ሲዞር ፀጉሬን በተነው። የእሷን... አልነካውም።

"እቴ... ዘይቱኑ ለምን ጭስ ጭስ ይላል?"

"አስቀምጪው።"

"ደጅ ደግሞ ስሜን ይጠራሉ።"

በዚህ የሙታን ወር የማታየው ሰው ስምህን ቢጠራ አቤት አይባልም። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

"እንዳትመልሺ!"

"አቤት አልኩ እኮ..."

በሩን ልዘጋ ሮጥኩ። ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። ነጠላ ጫማዋም ደፉ ላይ።

ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር። የተገመጠው ዘይቱን ብቻ...

ስክሪኑ ላይ ገጹ ንቅንቅ አላለም። ቢጫው ቦታ ላይ ግን አንድ ፊደል ወጣ። ከዚያ ሌላ።

ዩ... ን... ሻ... ን።

እጆቼ ጉልበቴ ላይ ነበሩ።

አጠፋሁት። ጠፋ።

ጋሽ ሊያው ጋ ደወልኩ። ደጋገምኩ። አያነሱም።

በመስኮቱ በኩል፣ ከመቅደሱ ጣሪያ በላይ፣ ጭሱ እንደገና ሲነሳ አየሁ።