ልብ ሲገለበጥ

ኡሙሃኒ ተቀምጣ መዋል የሚባል ነገር አይሆንላትም፤ የተማረችው ሙያ ግን ተቀምጦ የሚሠራ ነው። ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የልብስ ስፌት ቤቷ ውስጥ ጨርቅ ባይኖር እንኳ እግሯ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ይረግጣል።

«በዚህ አነዳድሽ መኪናው እውነተኛ መኪና ቢሆን ኖሮ እስካሁን ዋጃ ከተማ ደርሰሽ ትመለሺ ነበር» ትላታለች ከጎኗ የምትሰፋው ሔራን።

የዋጃው ነገር ግን ኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣው የፎቶ ኮፒው ነገር ነው።

መታወቂያዋን ኮፒ ልታስደርግ ከመንገዱ ማዶ ስትሻገር መብራት ጠፍቶ ነበር። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ዒምራን ቀጠን ያለ፣ ሰው ሲያናግረው ግድግዳ ግድግዳ የሚያይ ወጣት ነው። ሳጥን በሳጥን የሆነ ወረቀት መስኮቱ ላይ እየለጠፈ አገኘችው። ወረቀቱ ላይ በአንድ በኩል «አግድም»፣ በሌላው በኩል «ቁልቁል» ተብሎ ተጽፏል።

«መብራት መቼ ይመጣል?»

«እሱን መፍታት ብችል ኖሮ እዚህ አልቀመጥም ነበር» አላት ሳይዞር። «እስኪመጣ ይኼን ፍቺ።»

አነበበችው። «የመጣው ሲመለስ ጣፈጠ። ሁለት ፊደል።»

«ስኳር።»

«ሦስት ነው።»

«ማር!»

«ማር ከየት መጣና ወዴት ተመለሰ?»

መብራቱ አልመጣም፤ መልሱም አልመጣላትም። ያን ቀን ከሰዓት የሰፋችው ቀሚስ አንገቱ ጠቦ ተገኘ። በማግስቱ መታወቂያዋን ሳትይዝ ተሻገረች።

«ጨው» አለችው ከበሩ ሳትገባ። «ወጥ ያጣፍጣል እኮ።»

ዒምራን ሳቀ። ሲስቅ ግድግዳውን ትቶ እሷን እንደሚያይ ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው።

«ፍንጩ በወሬው ይዋሻል፤ በፊደሉ ግን አይዋሽም» አላት። «ወሬውን አትመኚ። ‹መጣ› ብለሽ ጻፊ።»

ኪሷ ውስጥ ባለው የስፌት ጠመኔ መዳፏ ላይ ጻፈች። መ፣ ጣ።

«አሁን የመጣውን መልሺው።»

ከኋላ ወደ ፊት አነበበችው። «ጣመ!» ብላ ስትጮህ መንገድ ላይ የነበረ የባጃጅ ሹፌር የተጠራ መስሎት ዞረ።

ዒምራን ይህን ጨዋታ ደሴ ሲማር፣ ከሆነ እንግሊዝኛ ጋዜጣ ቁራጭ ላይ ነው ያገኘው። ቋንቋው በቅጡ ሳይገባው ሲታገለው ከርሞ፣ ይኼማ በእኛ ፊደል ይሻላል ብሎ አዞረው። መብራት በጠፋ ቁጥር አንድ ወረቀት ይሠራል። በቆቦ መብራት አጠፋፍ ደግሞ ብዙ ወረቀት ይሠራል።

«ትርጉሙ ወይ ራስጌ ወይ ግርጌ ነው የሚተኛው» እያለ አስተማራት። «መሃል አይተኛም። የቀረው ስለ ፊደሎቹ ነው። ትርጉሙን ሳታገኚ ፈታሁት እንዳትዪ።»

«ለምን?»

«ፊደሉ ብቻ የገጠመለት ሰው የተፈታ ይመስለዋል። የሚሳሳተው እንደዚያ ነው።»

ኡሙሃኒ የመሃሉን ምክር ወደደችው፤ የመጨረሻውን ግን በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው አፈሰሰችው።

አንድ ቀን «ራስ ሲገለበጥ ተግባር» የሚል ፍንጭ ለጥፎ መልሱ «ስራ» ነው አለ። ኡሙሃኒ ወገቧን ያዘች።

«ሥራ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው። ራስ ደግሞ በእሳቱ ሰ ነው።»

«ማን ይለየዋል?»

«እኔ!»

ዒምራን ወረቀቱን ቀዶ አወረደ። እሷም በሩን ዘጋ አድርጋ ሄደች። በራያ ሰው በመሬት ይጣላል፣ በውሃ ይጣላል፤ በንጉሡ ሠ የተጣሉ ግን እነሱ የመጀመሪያዎቹ ሳይሆኑ አይቀሩም። ኩርፊያው ሰነበተ። እግሯ ፔዳሉን ባዶውን ሲመታ ሔራን ሦስት ጊዜ ዘይት አጠጣችው።

ከዚያ አንድ ጠዋት መስኮቱ ላይ አዲስ ወረቀት ወጣ። «ሳር ሲገለበጥ አታስታውስ። ሁለት ፊደል።» ርሳ ማለቱ ነው። ተሻግራ በሩ ላይ ቆመች።

«ለእኔ ከሆነ ‹ርሺ› ነው የሚባለው» አለችው። «ደግሞ ሣርም በንጉሡ ሠ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እያወቅክ ለምን ተሳሳትክ?»

«እንድትመጪ።»

የቆላው ነፋስ የወረቀቱን ጫፍ አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ኡሙሃኒ መታወቂያዋን አውጥታ ሰጠችው። መታወቂያው ከዚህ በፊት ስድስት ኮፒ ወጥቶለታል።

ነገር የተበላሸው በሱፉ ነው።

አንድ ሙሽራ ወገቡን እንድታጠብብለት የሰጣት ሱፍ ሰርጉ ሲራዘም ሳጥን ውስጥ ከረመ። ሙሽራው ሊወስደው ሲመጣ ደረቱ ላይ፣ ልክ ልብ ባለበት በኩል፣ ብል በልቶት ተገኘ። ኡሙሃኒ ክሩን ከስሩ እየመዘዘች ቀዳዳውን እስኪጠፋ ድረስ ጠለፈችው። ሙሽራው ግን ሱፉን ለብሶ ሲዞር፣ ላገኘው ሁሉ ጠፍቷል የተባለውን ቀዳዳ በጣቱ እየጠቆመ አሳየ። ከዚያ በኋላ የባጃጅ ሹፌሮቹ በበሯ ሲያልፉ ጡሩምባ መንፋት ትተው «ብል ደህና አደረ?» ይሉ ጀመር። ትስቅላቸዋለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ግን የራሷን ቀሚሶች አንድ በአንድ እየዘረጋች ታያለች።

በዚሁ ሰሞን አንድ የዋጃ ሽንኩርት ነጋዴ እሷን ለማግባት ሽማግሌ ላከ።

«ደህና ሰው ነው ይላሉ» አለች እናቷ ደመቀች። «ቤት ሠርቷል። ሽንኩርት ደግሞ ብል አይበላውም።»

«እማ!»

«ምን አልኩ? በገበያ ቀን ይመለሳሉ። ወይ እሺ፣ ወይ እምቢ በያቸው። እንደ ልጅነትሽ ግማሹን ውጠሽ ግማሹን አታሰሚኝ።»

ወሬው መንገዱን ሲሻገር እሷን አልጠበቀም። በማግስቱ የዒምራን መስኮት ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፦ «ዋ! ከጃንጥላ ራስ ጋር የምትሄጂበት ከተማ። ሁለት ፊደል።» ‹ዋ› ብሎ ያስፈራራል፤ የጃንጥላ ራሱ ‹ጃ› ነው። ዋጃ። ኡሙሃኒ ሳቋ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ተናደደች። ገባች።

«የምትለኝ ካለ በቀጥታ በለኝ።»

ዒምራን የኮፒውን ማሽን ክዳን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። «እኔ ያለ ሳጥን መናገር አልችልበትም።»

«እንግዲያው ሳጥኑን ቶሎ አሰምር። ገበያው ደርሷል።»

ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሦስተኛው ቀን ጠዋት መስኮቱ ፊት ሰው ተሰብስቦ አየች። ያው የባጃጅ ሹፌር ጮክ ብሎ ያነባል።

«ልብ ሲገለበጥ፤ ብናገርስ? ሁለት ፊደል!»

ለመፍታት ጠመኔ አላስፈለጋትም። ል፣ ብ። ሲገለበጥ ብ፣ ል። ፊቷ ጋለ። ሹፌሩም ትንሽ ዘግይቶ ደረሰበት።

«ብል! ብል ነው! ኧረ ኡሙሃኒ፣ ስላንቺ ነው የጻፈው!»

ሰዉ በሳቅ አውካካ። ዒምራን ከውስጥ ወጣ። አፉን ከፈተ፤ ግድግዳ ፈለገ፤ ግድግዳ የለም፣ ሰው ብቻ ነው።

«‹ብናገርስ› ነው የምትለኝ?» አለችው። «ተናገር! ያልሰማ ያለ ይመስል!»

ወረቀቱን ልጣ ወሰደችው። ማታ እናቷን «እሺ እላቸዋለሁ» አለቻት።

«ለዋጃዎቹ?»

«ለዋጃዎቹ።»

«አልሃምዱሊላህ» አለች ደመቀች። የልጇን ፊት ስታይ ግን ምስጋናውን አልደገመችውም።

የገበያው ቀን ጠዋት ኡሙሃኒ እንደ እብድ ሰፋች። ውጭው ግመል፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ ማንጎ የጫነ ጋሪ ነው። ሔራን አንዴ እሷን፣ አንዴ የምትሰፋውን ጃኬት ስታይ ቆየችና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አንድ ነገር ብል ትቀየሚኛለሽ?»

ፔዳሉ ቆመ። ያ ፔዳል ኡሙሃኒ ተቀምጣበት ቆሞ አያውቅም።

«ምን አልሽ?»

«ገና ምንም አላልኩም!»

«ያልሽውን ድገሚው።»

«ወይ ጉዴ። አንድ ነገር ብል ትቀየሚኛለሽ ወይ ነው ያልኩት።»

ብል። ኡሙሃኒ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ትርጉሙ ወይ ራስጌ ወይ ግርጌ ነው የሚተኛው። ግርጌው ላይ ‹ብናገርስ?› ተኝቶ ነበር። ‹ብናገር› ማለት ‹ብል› ማለት ነው። ዛቻ አልነበረም። ስለ ሱፍም አልነበረም። ሰውየው ልቡን ገልብጦ፣ አንድ ነገር ብል ትቀየሚኛለሽ ወይ ብሎ በመስኮት ሙሉ መጠየቁ ነው። እሷ ፊደሉ ስለገጠመላት ብቻ የፈታች መስሏት ወረቀቱን ልጣ ሄደች።

«ወላሂ እኔ ደንቆሮ ነኝ» አለች ተነሥታ።

«እሱን አይደለም ልል የነበረው» አለች ሔራን። «እጅጌውን ገልብጠሽ ነው የሰፋሽው ልልሽ ነበር።»

ኡሙሃኒ አልሰማቻትም። ጠመኔዋን ይዛ በግመሎቹ መሃል እየተሽሎከለከች ተሻገረች። ዕድል ሆኖ መብራት አለ፤ ዒምራን ሰው ተሰልፎለት ኮፒ ያደርጋል። እሷ አልገባችም። ገበያተኛው እያየ በመስኮቱ መስተዋት ላይ፣ በመቀስ አቆራረጧ ዓይነት ቀጥ ባለ ጽሑፍ እንዲህ ጻፈች፦

«በሺ ፊት ‹እ› አልኩ፤ ይሁን። ሁለት ፊደል።»

ዒምራን ወጣ። ጽሑፉን አየ፣ እሷን አየ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ፍታው።»

«ኡሙሃኒ፣ ያ ቀን እኮ...»

«መጀመሪያ ፍታው» ብላ ተመለሰች።

የሚያስር ሁሉ የሚፈታ እንዳይመስላችሁ። ዒምራን ፍንጭ ሲሠራ ኖረ እንጂ የሌላ ሰው ፍንጭ ፈትቶ አያውቅም፤ በቆቦ ሌላ የሚሠራ አልነበረማ። መስተዋቱ ፊት ቆሞ ቀረ። የኮፒው ሰልፍም አብሮት ቆመ።

ደመቀች የመጣችው ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ሳይረጋ ነው።

«አንቺ ልጅ! የሰው መስኮት ላይ ጻፈች ይሉኛል። ምንድን ነው የጻፍሽው?»

«እሺ ነው ያልኩት፣ እማ።»

«ለማን?»

ኡሙሃኒ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አየች። ደመቀች የልጇን ዓይን ተከትላ ከመንገዱ ማዶ አየች። 

«ሁለት ፊደል ለመናገር ገበያ ሙሉ ሰው!» አለች። «እና ልጁ ምን አለ?»

«እየፈታው ነው።»

«እየ ምን?»

«እማ፣ ሽማግሌዎቹን...»

«ስሚኝ። እኔ ሰው ባዶ እጁን አልመልስም። ልጁ አፍ ካለው የአስር ሶላት ሳይሰገድ እዚህ መጥቶ፣ ፊቴ ቆሞ በአፉ ይናገር። ካልመጣ ለዋጃዎቹ ትናንት ያልሽኝን እነግራቸዋለሁ።» ይህን ብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

ኡሙሃኒ ፔዳሉን መርገጥ ጀመረች። ጨርቅ የለበትም። ሔራን በሩ ላይ ሆና ዜና ታቀብላለች።

«ራሱን እያከከ ነው።»

ፔዳሉ ፈጠነ።

«አንዱን ግመል ነጂ እየጠየቀው ነው... አሁን ደግሞ ሰዉን እየቆጠረ ነው!»

«ሺ እስኪሞላ ነው?» አለች ኡሙሃኒ ልታለቅስ ደርሳ። «ፊት ለፊቱ ነው እኮ! ‹ሺ› ፊት ‹እ› ማስቀመጥ ብቻ ነው!»

«ሄጄ ልንገረው?»

«እንዳትነግሪው!»

«አንቺ ልጅ፣ ታገቢዋለሽ ወይስ ትፈትኚዋለሽ?» አለች ደመቀች።

«ያስተማረኝ እሱ ነው። ይፍታው።»

ከሰዓት በኋላ ከዋጃ የመጣ ሚኒባስ መናኸሪያው በር ላይ ቆመ። ነጭ ጥምጣም ያደረጉ ሁለት ሽማግሌዎች አቧራቸውን እያራገፉ ወረዱ። ደመቀች ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ከመስጊዱ የድምፅ ማጉያው አዛን ሊጀምር ሲል የሚያሰማው ኮሽታ ተሰማ።

በዚያው ቅጽበት ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው እንደ እብድ ጮኸ።

«እሺ!» አለ ድምፁ። «እሺ ነው! እሺ!»

አንድ ግመል ደነበረ። የሽንኩርት ጆንያ ተደፋ፤ ሽንኩርቱ በአስፋልቱ ላይ ወደ ሽማግሌዎቹ እግር ተንከባለለ።

«ማነው እሺ እሺ የሚለው?» አለች ደመቀች፤ ከንፈሯ ጫፍ ላይ የመጣውን ፈገግታ ግን ልትውጠው እየሞከረች ነበር።

ኡሙሃኒ አልተነሣችም። እግሯ ፔዳሉ ላይ ረግቶ፣ የገለበጠችው እጅጌ ላይ ዓይኗን ተክላ ጠበቀች።

«መጣ» አለች ሔራን ከበሩ ላይ።

ኡሙሃኒ ቃሉን በልቧ ከኋላ ወደ ፊት መልሳ አነበበችው።