ስንት ዶሮ አላችሁ?

ወንድ ያስጠላኛል ብዬ ብጀምር አትቀየሙኝ። ኢንሳፍ እባላለሁ፤ ከሪያድ ከተመለስኩ ሦስት ዓመቴ ነው። የበረኪና ሽታ፣ የቁልፍ ድምፅ፣ ከኋላዬ የሚቆም ሰው... ሁሉም ያቅለሸልሸኛል። ዝርዝሩ ይቅርባችሁ። የክፍሌን ቁልፍ የያዘው የአሠሪዬ ወንድም ነበር ካልኳችሁ ይበቃል።

ይህን በሆዴ ይዤ ነው ባለፈው ዓመት የጥናት ሥራ የተቀጠርኩት። በሐይቅና በአምባሰል ገጠር ከአረብ አገር የተመለሱ ሴቶችን በየቤታቸው እየሄድን እንጠይቃለን። ደሴ ላይ ሳምንት ሙሉ አሠለጠኑን። ጠያቂዋ ሴት ትሁን፣ ወንድ ባለበት አይጠየቅ፣ የሰማሽውን ለማንም አትናገሪ ብለው አስፈረሙን። አንዲት ዘዴ ግን በጣም ወደድኩ። ሰው በድንገት ከገባ ጠያቂዋ ቶሎ የመጠይቁን ገጽ ትለውጥና ስለ ዶሮ ትጠይቃለች። የገባውም ሰው የዶሮ ጥናት መስሎት ይወጣል።

በመጀመሪያው ቀን፣ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ፣ አንዲት ሴት እያለቀሰች ስትነግረኝ አንድ ረጅም ሰው በሩ ላይ ተገተረ። ፊቱን ሳላይ ገጹን ለወጥኩና ጮክ ብዬ ጠየቅኩ።

«ስንት ዶሮ አላችሁ?»

«እኔ?» አለ ሰውዬው። ቆም ብሎ አሰበ። «ሰባት። አንዷ ግን እንቁላል ታቅፋለች። እሷም ትቆጠራለች?»

ሴትዮዋ በእንባዋ መሀል ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሙሀይሚን ይባላል፣ ቀበሌው የመደበልን መንገድ መሪ ነው። ወደ ውጭ ጠራሁትና ደንቡን በቁጣ አስረዳሁት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራችን ተቃና። እኔ ውስጥ ስጠይቅ እሱ በር ላይ ይቆማል። «ዶሮ» የምትለዋን ቃል ከሰማ ሾልኮ የገባውን ሰው በወሬ እየደለለ ይዞልኝ ይወጣል። ስንቱን አስወጣልኝ! አንዱ ባል «እሷ ምን ታውቃለች፣ እኔን ጠይቂኝ» አለኝ። እሱ የተቀመጠበትን ቆርቆሮ ቤት የሠራችው እሷ ናት፣ አራት ዓመት የሰው ሽንት ቤት እያጠበች። ሌላው እናቱን ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጦ ያስደምጥ ነበር። ከእያንዳንዱ ቤት ስወጣ ያስመልሰኛል። ሙሀይሚን ምንም ሳይጠይቅ ሎሚ ቆርጦ ይሰጠኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ነበረው። መንገድ ላይ ሁልጊዜ ከፊቴ ነው የሚሄደው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ከኋላሽ ስሆን ትከሻሽ ይኮማተራል» አለኝ።

ይህን ማንም አይቶልኝ አያውቅም። ወደድኩት፣ ምን ልዋሽ። ረቡዕ ዕለት ሽማግሌ ልላክ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ «ልከህ እይ» አልኩት። በዚያን ዕለት እስከ ቤቴ ድረስ እያንጎራጎርኩ ገባሁ።

በማግስቱ አምባሰል በኩል ወደ አንዲት ሴት ቤት ሄድን። ስሟን አልነግራችሁም። ቤቱ ጋ ስንደርስ ሙሀይሚን እርምጃውን አዘገየ፤ ደክሞት ነው ብዬ ገባሁ። አረብ አገር ስትሄድ ከቤቷ እስከ መናኸሪያ ማን እንዳደረሳት ጠየቅኳት።

«ባጃጅ የሚነዳ ልጅ» አለች። አገጯን ወደ በሩ ቀሰረች። «ያ የቆመው። ደላላው ነው የላከው። ሐይቅ ከተማ ሳንደርስ ፈራሁና መልሰኝ ብዬ አለቀስኩ። ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።»

እንዴት እንደጨረስኩ አላውቅም። ከቤቱ ጀርባ ሄጄ ሆዴ እስኪደርቅ አስመለሰኝ። ሎሚውን ይዞ መጣ። ከእጁ ነጥቄ ወረወርኩት።

«አትጠጋኝ» አልኩት።

ሽማግሌዎቹ ግን እሑድ መጡ። አላገባውም አልኩ። አባቴ ምክንያት ጠየቀኝ፣ እናቴ ለመነችኝ። ምን ልበል? የሴትዮዋን ምስጢር አላወጣ! ሰዉ አረብ አገር አኩርቷታል አለኝ። እኔ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ራሴን ጠላሁ፤ እንደዚያ ተጸይፌው የሎሚው ሽታ ይናፍቀኝ ነበርና።

በሁለተኛው ሳምንት ብቻዬን ደጅ ተቀምጬ ሳለ መጣ። ከአጥሩ አላለፈም።

«ምን እንደሰማሽ አልጠይቅሽም» አለ። «የራሴን ልናገር። ከስምንት ዓመት በፊት ባጃጅ እነዳ ነበር። ለአንድ ደላላ ስድስት ሴቶች አድርሻለሁ። ምን እንደሚገጥማቸው ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም። አንዷ መልሰኝ አለችኝ...» አጥሩን ጨበጠ። «ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት፣ ኢንሳፍ። ያን በር ሳየው ልነግርሽ ነበር። ፈራሁ።»

ያው ቃል ነው። አልቀነሰም፣ አላሳመረም። እንባው እየወረደ ሳለ የእናቴን ኮቴ ሰማሁ፤ ውሃ ቀድታ እየመጣች ነው። አፌ ቀደመኝ።

«ስንት ዶሮ አላችሁ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሰባት» አለ እያለቀሰ።

እናቴ ጥናቱ አላለቀም እንዴ እያለች አልፋን ገባች። ተነሥቼ አጥሩ ጋ ሄድኩ።

«ከእናቴ ሸሸግኩህ እንጂ ይቅር አላልኩህም» አልኩት። «ይህን የምትናገርባቸው ስድስት በሮች አሉ።»

ሄደ። አራት ወር አላየሁትም። ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ የደላላውን ስም ሰጥቶ፣ የራሱንም አስመዝግቦ እንደፈረመ ሰው ነገረኝ። ከዚያ አንድ ቀን ያቺ ሴት ራሷ ቤታችን መጣች።

«መጥቶ ነበር» አለችኝ። «እጣቢ ደፋሁበት። በማግስቱም መጣ። ቃሌን ልሰጥ ስሄድ አብሮኝ ሄደ። እኔ ይቅር አላልኩትም፤ ወላሂ አልዋሽሽም። ሽማግሌ እንደላከብሽ ሰምቻለሁ፤ አንቺ ብታገቢው ግን አልቀየምሽም። ስሜን አታንሺ እንጂ የሬዲዮውን ነገር ለሰው ንገሪ። ሌላው ነጂ ይስማ።»

ሰማችሁ? አደራዋን አደረስኩ።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ሲመጡ እሺ አልኩ፤ ኒካችን ከታሰረ ስድስት ወር ሆነ። እሷ ሠርጉ ላይ አልመጣችም፤ ልክ ናት። ሁሉ ነገር አማረ ብዬም አልዋሻችሁም። አንዳንድ ቀን ሙሀይሚን እጄን ሲይዘኝ የዚያ ቁልፍ ድምፅ ይመጣብኛል። ያን ጊዜ ምክንያት አልደረድርም።

«ስንት ዶሮ አለን?» እለዋለሁ።

እጄን ለቆ ይወጣል። ጓሮ ሆኖ ሲቆጥር እሰማዋለሁ። ሲጨርስ አይገባም፤ ከደጅ ሆኖ ነው የሚነግረኝ።

«አሥራ አንድ» አለኝ ትናንት። «አንዷ ታቅፋለች።»

«እሷም ትቆጠራለች» አልኩት። «ግባ።»